መኪና ውስጥ የቀረው አባወራ

የተመለሰ የመምረጥ መብትና የእኛ ዝምታ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። በቤተ ክርስቲያናችሁ ያለ አንድ ወንድም ታስሮ ሲፈታ ምን ታደርጋላችሁ? እንደ እኛ ከሆናችሁ አቅፋችሁ ትቀበሉታላችሁ፤ እንጀራና ወጥ ይዛችሁ ቤቱ ትሄዳላችሁ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተንበርክካችሁ ትጸልያላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አታነሡበትም። ማንሣት ቁስሉን መነካካት ይመስላችኋልና። እኔም ፍቅር ማለት ይህ ነው ብዬ ለብዙ ዓመታት አስብ ነበር። ይኸው ዝምታችን አንድን ቤተሰብ ምን እንዳሳጣው ካየሁ በኋላ ግን ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ነው። ባለቤቴ በኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኖ ያገለግላል። ታሪካቸውን የማካፍላችሁ ባልና ሚስት ስማቸው ሳይጠቀስ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“አባዬ አይገባም እንዴ?”

ይህ ወንድም በ2008 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ምርጫ ድምፁን ሰጠ። ሚስቱ እንደምትናገረው፣ ያን ቀን የሠርጉን ክራቫት ነበር ያሠረው። ከዚያ ወዲህ የምርጫው ማክሰኞ በቤታቸው እንደ ትንሽ በዓል ሆነ። በሰፈራቸው ወዳለው ትምህርት ቤት አብረው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ መራጮች የሚሰጣቸውን ትንሽ ቀይ ተለጣፊ ልብሳቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ሲመለሱም ቡና ይፈላል።

ከዓመታት በኋላ በሥራው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ጥፋት ውስጥ ገባ። አልካደም። በ2021 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤቱ ጥቂት ወራት እስራትና አምስት ዓመት ፕሮቤሽን ፈረደበት። ፕሮቤሽን ማለት ሰውየው በቤቱ እየኖረ፣ እየሠራ፣ ነገር ግን በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ የሚያሳልፈው የቅጣት ጊዜ ነው። ሥራውን አጣ። ሚስቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ቤቱን ተሸከመች። እርሱም ከእስር ወጥቶ ቀስ በቀስ በሌላ ሥራ ተቋቋመ፤ በየወሩም ዕዳውን እየከፈለ ቤተሰቡን ማስተዳደር ቀጠለ።

በኅዳር 2022 ምርጫ ሲደርስ ቤተሰቡን እንደ ልማዱ በመኪና ወደ ትምህርት ቤቱ አደረሰ። እርሱ ግን አልወረደም። ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ። ትንሿ ልጅ፣ “አባዬ አይገባም እንዴ?” ብላ ጠየቀች። እናቷም፣ “ስልክ እየጠበቀ ነው” አለቻት። ይህች እኅት በኋላ ስትነግረኝ፣ ባሏ ታስሮ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ያቺ ትንሽ ውሸት እንደከበደቻት አልቅሳ ነገረችኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኅዳር 5 ቀን 2024 እኔም ወደዚያው ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። ወንድማችንን በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። መስኮቱን አንኳኩቼ፣ “ወንድሜ፣ በዚህ ብርድ ምን ታደርጋለህ?” አልኩት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለና፣ “እኅቴ፣ እኔ እስከ 2026 አልችልም” አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። “በርታ” ብዬው ገባሁ።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። “ሕጉ ተለውጧል እኮ!” አለኝ። ዓመት ቀደም ብሎ በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ ስለ አዲሱ ሕግ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ወረቀቱ በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለምን ለምእመናን እንዳልተናገረ ስጠይቀው፣ “ፖለቲካ ሰበከ እንዳልባል ፈራሁ፤ ደግሞም ከመድረክ ብናገር ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ያያል ብዬ ነው” አለ። ሰዓቴን አየሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። የምርጫ ጣቢያዎቹ ተዘግተዋል።

የ2022ቱን ምርጫ የከለከለው ሕጉ ነበር። የ2024ቱን ያሳጣነው ግን እኛ ነን።

ሕጉ ምን ነበር? ምን ሆነ?

በአሜሪካ እንደ አገራችን ለመላው አገር ምርጫ የሚያስፈጽም አንድ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ የለም። ማን እንደሚመዘገብ፣ ድምፅ በምን መንገድ እንደሚሰጥ፣ የተፈረደበት ሰው መቼ ወደ ምርጫ እንደሚመለስ በአብዛኛው የሚወስነው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው።

ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሆነችው በ1858 ነው። ሕገ መንግሥቷ በከባድ ወንጀል፣ እዚህ “ፌሎኒ” በሚባለው፣ የተፈረደበት ሰው የዜግነት መብቱ እስኪመለስለት ድረስ እንዳይመርጥ ይከለክላል። መብቱ የሚመለስበትን ጊዜ የሚወስነው ግን በምክር ቤት የሚወጣ ሕግ ነው። እስከ 2023 ድረስ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ሰውየው እስሩን ብቻ ሳይሆን ፕሮቤሽኑንና አመክሮውን ጭምር እስከ መጨረሻው ቀን እንዲፈጽም ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ወራት የታሰረ ሰው ከቤቱ እየወጣ እየገባ፣ ግብር እየከፈለ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እያደረሰ ለዓመታት ሳይመርጥ ይኖራል ማለት ነው።

ይህን የተቃወሙ ሰዎች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር። የሚኒሶታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2023 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ፣ መለወጥ የሚገባው ከሆነም የመለወጥ ሥልጣኑ የምክር ቤቱ እንደሆነ ገለጸ። ምክር ቤቱም በዚያው ሰሞን ሥራውን ጀምሮ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ፌብሩዋሪ 2 ቀን በ71 ድጋፍና በ59 ተቃውሞ፣ ሴኔቱ ደግሞ ፌብሩዋሪ 21 ቀን በ35 ድጋፍና በ30 ተቃውሞ አዲሱን ሕግ አጸደቁት። አገረ ገዢው ቲም ዋልዝ ማርች 3 ቀን 2023 ፈረሙበት፤ ጁን 1 ቀን 2023 በሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ የሚለው ቀላል ነው። በፌሎኒ የተፈረደበት ሰው የማይመርጠው በእስር ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ከእስር ቤት ከወጣ፣ ፕሮቤሽን ወይም አመክሮ ቢቀረውም፣ መምረጥ ይችላል። ጥያቄ ጽፎ ማመልከት ወይም የአገረ ገዢ ፊርማ መጠበቅ አያስፈልገውም። በዚህ ሕግ መብታቸው የተመለሰላቸው ሰዎች ወደ 55,000 እንደሚሆኑ ተገምቷል።

ታዲያ ወንድማችን ይህን ሁሉ እንዴት ሳይሰማ ቀረ? በኋላ ሲያጫውተኝ ጨርሶ አልሰማሁም አላለም። በሥራ ቦታው አንድ ሰው ነግሮት ነበር። ነገር ግን በኦክቶበር 2023 በአንድ ካውንቲ ያሉ ዳኛ አዲሱ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ነበርና የዚያ ወሬም ደርሶታል። ብዙም ሳይቆይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የዳኛውን ውሳኔ ሻረው። ሕጉን ለማሰረዝ የቀረበ ሌላ ክስም ነበር፤ ኦገስት 2024 ላይ የክፍለ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሳሾቹ ይህን ክስ ለማቅረብ መብት የላቸውም ብሎ ዘጋው። ሕጉም ጸና። ወንድማችን ግን የሰማው “ፍርድ ቤት ሰረዘው” የሚለውን ብቻ ነበር፤ የኋለኛውን የነገረው የለም።

እስቲ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አስቀምጡ። የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ለመምረጥ የተፈቀደልኝ ነኝ ብሎ መፈረም ያስፈልጋል፤ እያወቁ በሐሰት መፈረም ራሱ ወንጀል ነው። በፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው አንዲት ስሕተት እንደገና ወደ እስር እንደምትመልሰው ያውቃል። “ሳይፈቀድልኝ ገብቼ ልጆቼን ዳግመኛ ላሳፍራቸው?” ነበር ያለኝ። እንዲህ ለፈራ ሰው በወሬ የመጣ ተስፋ አይበቃውም። አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከምንጩ አይቶ፣ “ይኸው፣ ተፈቅዶልሃል” የሚለው የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል።

የሰለጰዓድ ልጆች ሁለት ጊዜ ቆሙ

በዘኁልቁ መጽሐፍ ምዕራፍ 27 ያሉትን አምስቱን እኅትማማቾች፣ የሰለጰዓድን ልጆች፣ ታስታውሷቸዋላችሁ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ በምድረ በዳ ሞተ። በነበረው ሥርዓት ርስቱ ለእነርሱ አይደርስም ነበር። በሙሴና በካህኑ በአለቆቹም ፊት ቆመው ጉዳያቸውን አቀረቡ። እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን ለሙሴ ነገረው፤ ከእነርሱም በኋላ ለሚመጡት የሚሆን ሥርዓት ወጣ።

ብዙ ጊዜ ትምህርታችንን እዚህ ላይ እንጨርሳለን። ታሪኩ ግን አልተፈጸመም። መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 17ን ብትከፍቱ እነዚያን እኅቶች እንደገና ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ሙሴ አልፏል፤ ምድሪቱ ልትከፋፈል ነው። ትእዛዙ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ርስቱ ግን በራሱ ጊዜ ደጃቸው አልመጣም። ወደ ካህኑ አልዓዛርና ወደ ኢያሱ ቀርበው ስለ እነርሱ የታዘዘውን አስታወሱ። ያን ጊዜ ተሰጣቸው። ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ የተፈቀደለት ሰው እጁ እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ነው እኛ ያልተገኘነው።

በሕጉ የማይስማሙ ወገኖችም እንዳሉ መደበቅ አልፈልግም፤ በቤተ ክርስቲያናችንም አሉ። “ቅጣት ቅጣት ነው፤ ሙሉውን ይጨርስና ከዚያ ይምረጥ። የተበደለውስ ሰው?” ይላሉ። ይህ ሊናቅ የሚገባው አሳብ አይደለም፤ የተበደለ ሰው እንባ በእግዚአብሔር ፊት ከባድ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አዲሱ ሕግ እስሩን አልቀነሰም፤ ካሣውንም፣ የፕሮቤሽኑንም ግዴታ አላነሣም። ወንድማችን ዛሬም የሚከፍለውን ይከፍላል። የተለወጠው ነገር፣ ከእኛ ጋር እየኖረ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤትና ስለ ሰፈሩ መንገድ ሲወሰን ከውጭ መቆሙ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ሰው ኃላፊነት ተሰጥቶት እንጂ ከኃላፊነት ተገልሎ ሲታነጽ አላየሁም።

የሥራ ሰዓት የማይፈቅድላችሁ፣ ቋንቋ የሚያስቸግራችሁ

ይህ ጽሑፍ ታስረው ለነበሩ ብቻ አይደለም። ዜጋ ሆናችሁ ሳላችሁ ሁለት ፈረቃ ስለምትሠሩ፣ ታክሲ ወይም ትራክ ስለምታሽከረክሩ፣ ወይም እንግሊዝኛው ስለሚከብዳችሁ ቤት የምትቀሩም ብዙ ናችሁ። በሚኒሶታ ሕግ የተከፈቱትን በሮች ልጥቀስላችሁ።

ማንኛውም መራጭ ምክንያት ማቅረብ ሳያስፈልገው ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት 46 ቀናት ውስጥ በፖስታ ወይም በአካል ቀርቦ አስቀድሞ መምረጥ ይችላል። አስቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላል፤ ይህ ከ1974 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው በዚያው የምርጫ ቀጣና የተመዘገበ ጎረቤት ሊመሰክርለት ይችላል። በምርጫው ዕለት ለመምረጥ ከሥራ የሚወጣ ሠራተኛ ለዚያ የሚያስፈልገው ሰዓት ከደመወዙ አይቆረጥበትም።

ሜይ 5 ቀን 2023 ደግሞ ሌላ ሰፊ ሕግ ተፈረመ። በዚህ ሕግ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ዜግነታቸው በሰነድ የተረጋገጠ ሰዎች በቀጥታ ወደ መራጮች መዝገብ እንዲገቡ ተደረገ፤ የ16ና የ17 ዓመት ወጣቶች አስቀድመው መመዝገብ እንዲችሉ፣ የሚፈልግ መራጭም በየምርጫው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ እንዲላክለት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያመለክት ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ ሚኒሶታ የራሷን የመምረጥ መብት ሕግ አወጣች። የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በ1965 የወጣው የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ በዘሩ ወይም በቀለሙ የተነሣ ድምፁ እንዲዳከም የተደረገ ሰው የሚከሰስበት ሕግ ሆኖ ኖሯል። በኖቬምበር 2023 ግን ሚኒሶታን ጨምሮ ሰባት ክፍለ ግዛቶችን የሚያጠቃልለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በዚህ ሕግ መክሰስ የሚችለው የፌዴራሉ መንግሥት እንጂ ግለሰብ አይደለም ብሎ ወሰነ። ክፍለ ግዛቲቱም ነዋሪዎቿ የሚከሱበትን በር በራሷ ሕግ ከፈተች።

ቋንቋን በተመለከተ፣ በሚኒሶታ ምርጫን የሚመራው የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ የመራጮችን መመሪያ በአማርኛም በኦሮምኛም አዘጋጅቷል። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶችም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባት በፌዴራል ሕግ ተፈቅዶላችኋል፤ ረዳታችሁ አሠሪያችሁ ወይም የሠራተኛ ማኅበራችሁ ተወካይ እንዳይሆን ብቻ ነው። ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ስትገቡ አንብቡላት እንጂ አትምረጡላት።

ወንዝ ስትሻገሩ ሕጉ ይለወጣል

ይህን መጽሔት በሌላ ክፍለ ግዛት ሆናችሁ የምታነቡ፣ እባካችሁ የሚኒሶታን ሕግ ይዛችሁ ወደ ምርጫ ጣቢያ እንዳትሄዱ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ዲሲን አካባቢ ውሰዱ። በዲሲ በ2020 በወጣው ሕግ እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንኳ እንዲመርጥ ተፈቅዷል። በሜሪላንድ ምክር ቤቱ በ2015 ያወጣውን ሕግ አገረ ገዢው ውድቅ ቢያደርጉትም፣ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2016 በድጋሚ ድምፅ አጸናው፤ ከማርች 2016 ጀምሮ ከእስር የወጣ ሰው መመዝገብ ቻለ፤ ወደ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ ተጠቀሙ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት የተፈረደበትን ሰው መብት የመመለስ ሥልጣን የአገረ ገዢው ነው። በኤፕሪል 2016 የነበሩት አገረ ገዢ የ206,000 ሰዎችን መብት በአንድ ትእዛዝ መለሱ፤ በጁላይ የክፍለ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጅምላ መመለስ አይቻልም ብሎ ትእዛዙን ሻረው፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መፈረም ጀመሩ። በ2025 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ይህን የሚለውጥ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለመጀመሪያ ጊዜ አጽድቋል፤ እንዲህ ያለው ማሻሻያ በዚያ ሁለት ጊዜ በምክር ቤት ካለፈ በኋላ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል።

ፍሎሪዳ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ምሳሌ ናት። በኖቬምበር 2018 ሕዝቡ ከመቶ 64 በሚበልጥ ድምፅ ቅጣታቸውን ለጨረሱ ሰዎች መብታቸው እንዲመለስ ወሰነ፤ ከነፍስ ግድያና ከወሲብ ወንጀል በቀር። ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ምክር ቤቱ መቀጮና የፍርድ ቤት ክፍያ ሁሉ ተከፍሎ ካላለቀ ቅጣቱ አልተጠናቀቀም የሚል ሕግ አወጣ። ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ እንኳ አስቸጋሪ ሆነ። በኦገስት 2022 ሳይፈቀድላቸው መርጠዋል የተባሉ 20 ሰዎች ታሰሩ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ መብታችን የተመለሰ መስሎን ነበር፣ የመራጭ ካርድም ተልኮልን ነበር ብለዋል። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነገረኝ ብላችሁ አትሂዱ። ከክፍለ ግዛታችሁ የምርጫ ቢሮ ጠይቁ፤ ካልገባችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ግሪን ካርድ ላላችሁ

ይህን በተለየ አደራ እጽፋለሁ። በፌዴራል ምርጫ የሚመርጥ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ብትመርጡ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። መመዝገቡ ብቻ እንኳ የዜግነት ማመልከቻችሁን ሊያበላሽ ይችላል፤ የማመልከቻ ቅጹ ለምርጫ ተመዝግባችሁ ወይም መርጣችሁ ታውቁ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። የመንጃ ፈቃድ ቢሮም ሆነ በገበያ አዳራሽ በር ላይ ቅጽ የያዘ ሰው “እዚህ ፈርሙ” ቢላችሁ፣ “ዜጋ አይደለሁም” በሉ። በስሕተት ተመዝግባችኋል የሚል ደብዳቤ ቤታችሁ ከመጣ አትደብቁት፤ ሳትመርጡ በፍጥነት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ሚስት ዜጋ፣ ባል ግሪን ካርድ ያለው በሆነባቸው ቤቶች ይህን በግልጽ ተነጋገሩበት።

ለባለትዳሮችና ለመሪዎች

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከጓደኛችሁ አንዱ ፍርድ ቤት ቆሞ ከሆነ፣ ነገሩን ለልጆቻችሁ በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን ንገሯቸው። “ስልክ እየጠበቀ ነው” የምትለዋን ቃል እኅታችን በየሁለት ዓመቱ ልትደግማት ነበር። ልጆች የሚያሳፍራቸው ስሕተቱ ብቻ አይደለም፤ ከእነርሱ የተሸሸገው ነገርም ያስፈራቸዋል። ደግሞም ሚስቶች ሆይ፣ ወረቀቱን አብራችሁት አንብቡ። ፍርዱን የያዘው ደብዳቤ ምን ይላል? እስሩ መቼ አለቀ? ፕሮቤሽኑ መቼ ያልቃል? ባል ብቻውን ሲያነበው እፍረቱ ፊደሉን ይጋርድበታል።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ ማንን እንደሚመርጡ ለምእመናን መንገር የእኛ ሥራ አይደለም፤ መምረጥ መፈቀዱን መንገር ግን ፖለቲካ አይደለም። ባለቤቴና እኔ ከዚያ ምሽት በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣነው። ስለ ምዝገባ፣ ስለ ቋንቋ ረዳት፣ ስለ ቅድሚያ ምርጫና ስለ ተመለሰው መብት በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ አዘጋጅተን ከማስታወቂያዎች ጋር ለሁሉም አደልን። ለሁሉም ስለታደለ ማንም ወደ ማንም ዞሮ አላየም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች፣ ሁለቱ ፈጽሞ ያልጠረጠርናቸው፣ ለየብቻቸው መጥተው ባለቤቴን “እኔንም ይመለከተኛል ወይ?” ብለው ጠየቁት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወደ ወንድማችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ባለቤቴ፣ “ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ አልነገርኩህም” አለው። ወንድማችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፣ “እኔም ብትነግሩኝ ኖሮ አምናችሁ እገባ እንደ ነበር አላውቅም” አለ። ሚስቱ ቡናውን አቀረበች። በዚያው ማታ የምርጫ ቢሮውን መግለጫ ከፍተን አብረን አነበብነው፤ በነጋታውም ራሱ ስልክ ደውሎ አረጋገጠ።

ኅዳር 4 ቀን 2025 በሚኒያፖሊስ የከተማ ምርጫ ነበር። ከንቲባውና የከተማው ምክር ቤት አባላት የሚመረጡበት ነው። በዚህች ከተማ መራጭ ለአንድ ቦታ እስከ ሦስት ሰዎች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይችላል። ሚስቱ ቶሎ ጨርሳ ወጣች፤ እርሱ ግን ዘገየ። ትንሿ ልጅ፣ “አባዬ ምን ሆነ?” አለች። እናቷም በዚህ ጊዜ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም፤ “አንደኛውን መርጧል፤ ሁለተኛው ላይ እያሰበ ነው” አለቻት።

ፕሮቤሽኑ በዚያን ቀን ገና ጥቂት ወራት ይቀሩት ነበር። መኪናው ግን ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በመካከላችሁ መኪና ውስጥ የቀረ ሰው ይኖር ይሆን? በዚህ ሳምንት ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ሕጉን አብራችሁት አንብቡ፤ የሚቻል ከሆነ በሩ ድረስ አብራችሁት ሂዱ፤ የማይቻል ከሆነም ብቻውን አይቀመጥ።

ጌታ ቤታችሁንና ትዳራችሁን ይባርክ።